የሰው አደራ በስማችሁ ሲቀመጥ፦ የአሜሪካ ዜግነትና የባንክ ሒሳብ

ሩዋይስ ከጅዳ አሮጌ ከተማ በስተ ሰሜን፣ በቀይ ባሕር ዳር የሚገኝ ሰፈር ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ በ1984 እ.ኤ.አ. ወደ ሪያድ እስኪዛወር ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ቆንስላው ለብዙ ዓመታት፣ የተቀመጡት በዚሁ ሰፈር ነበር። በጅዳ በሥራ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል የአሜሪካ ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ የያዙ ስላሉ ሩዋይስን በቆንስላው ያውቁታል። እነዚህ ወገኖች ወደ ገዳማችን ለመሳለም ሲመጡ ስለ ነፍሳቸው ከተነጋገሩ በኋላ ስለ ገንዘባቸው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የብዙዎች ስለሆነ መልሱን በዚህ ጽሑፍ ማኖር መልካም መስሎ ታይቶናል።

የአሜሪካ ሕግ ከሌሎች አገሮች ሕግ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። አብዛኞቹ መንግሥታት ግብር የሚጠይቁት በግዛታቸው የሚኖረውን ሰው ነው። አሜሪካ ግን ዜጋዋን በሄደበት ሁሉ ትከተለዋለች። ይህ ሥርዓት የጀመረው በእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸውም በ1924 እ.ኤ.አ. አጽንቶታል። ግሪን ካርድ የያዘም ሰው ካርዱን በሥርዓት እስኪመልስ ድረስ በዚሁ ግዴታ ውስጥ ነው። በዲቪ ዕጣ ሄዶ፣ ጥቂት ዓመት ሠርቶ፣ ወደ ጅዳ ወይም ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ ሰው ካርዱን በሣጥን ስላስቀመጠው ብቻ ነጻ አይሆንም።

በሳዑዲ ዐረቢያ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም። ስለዚህ ብዙዎች «ግብር በሌለበት አገር የምን ማስታወቂያ አለ?» ይላሉ። እውነት ነው፣ በውጭ አገር ሠርቶ ለሚኖር ሰው የአሜሪካ ሕግ የተወሰነ ገቢን ከግብር ያወጣለታል፤ ለ2025 እ.ኤ.አ. ልኩ እስከ 130,000 ዶላር ነው። ነገር ግን ይህ ምሕረት የሚገኘው የግብር ማስታወቂያውን ላቀረበና የውጭ ነዋሪነቱን ላስረዳ ሰው ነው። ዝም ላለ ሰው አይሰጥም።

ከግብሩ የተለየ ሁለተኛ ግዴታ አለ፤ ብዙዎችን የሚያስታቸውም ይህ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. በወጣው የባንክ ምስጢር ሕግ መሠረት፣ ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የባንክ ሒሳቦቹ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ ሰውየው ሁሉንም ማስታወቅ አለበት። ማስታወቂያው በተለምዶ ኤፍባር ይባላል፤ የሚላከውም ለግምጃ ቤቱ በኢንተርኔት፣ ያለ ክፍያ ነው። ግብር አያስከፍልም፤ ማስታወቅ ብቻ ነው። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 1 ዶላር በ3.75 ሪያል ስለተተከለ ልኩ 37,500 ሪያል መሆኑ ነው። በጅዳ 4,000፣ በአዲስ አበባ 4,000፣ በባሕር ዳር 4,000 ዶላር የሚያህል ገንዘብ ያለው ሰው እያንዳንዱ ትንሽ ቢመስለውም ድምሩ 12,000 ነውና ሦስቱንም ይጽፋል። የብር ሒሳብ የሚመነዘረው የአሜሪካ ግምጃ ቤት ለዓመቱ መጨረሻ ባወጣው ዋጋ ነው። 1 ዶላር በ57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ልኩ 570,000 ብር ያህል ነበር፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ግን ልኩ በብር ሲታሰብ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ስሌት ለዘንድሮ መገልበጥ አይገባም።

ባንኮቹ ራሳቸው የሚጠይቁበት ምክንያት ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ፋትካ የተባለው ሕግ ነው። ይህ ሕግ የአሜሪካውያንን ሒሳብ የማያስታውቅ የውጭ ባንክ ከአሜሪካ ከሚመጣለት ክፍያ 30 በመቶ እንዲያዝበት ያዝዛል። ሳዑዲ ዐረቢያም በ2016 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ጋር በዚህ ጉዳይ ስምምነት ፈርማለች። በአሜሪካ የተወለደ፣ የአሜሪካ አድራሻ ወይም ስልክ ያለው ደንበኛ ሲመጣ ባንኩ ቅጽ አስሞልቶ የግብር መለያ ቁጥሩን የሚቀበለው ስለዚህ ነው። በልዩ ልዩ አገር አንዳንድ ባንኮች ከዚህ ድካም ለመዳን አሜሪካውያንን አንቀበልም ብለዋል፤ በአሜሪካ ያሉ አንዳንድ ባንኮችም አድራሻው ውጭ አገር የሆነውን ደንበኛ ሒሳብ ይዘጋሉ። ቅጹን በሐሰት መሙላት ግን ከችግሩ የባሰ ችግር ነው።

አሁን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚከብደውን እንናገር። በሳዑዲ ኢቃማ የሌለው ሰው የባንክ ሒሳብ ሊከፍት አይችልም፤ ኢቃማው ጊዜው ያለፈበትም ሰው ሒሳቡ ይታገድበታል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ በተመለሱ ጊዜ፣ ገንዘብን በባንክ ማኖር የማይችል ሰው ምን ያህል እንደሚጎዳ ታይቷል። ስለዚህ ወረቀት የሌለው ወረቀት ያለውን «ገንዘቤን በአንተ ስም አስቀምጥልኝ» ብሎ ይለምናል። አደራ ተቀባዩ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ግን ያ የአደራ ገንዘብ በስሙ በተከፈተ ሒሳብ ውስጥ ነውና ከራሱ ጋር ተደምሮ ይቆጠራል። የአምስት እኅቶችን የዓመት ደመወዝ የያዘ ሰው የራሱ 1,000 ሪያል ብቻ ቢሆንም ከልኩ ሊያልፍ ይችላል። አደራ መቀበል ነውር አይደለም፤ የማን ስንት እንደሆነ ሳይጽፉ መቀበል ግን ለተቀባዩም ለባለ ገንዘቦቹም አደጋ ነው።

እንዲሁም በሀገር ቤት ያለች እናት «ብታመም የምታወጣልኝ» ብላ የልጇን ስም በሒሳቧ ላይ ታስገባለች። ልጅቱ አሜሪካዊት ከሆነች፣ አንድ ብር ባታስገባም፣ የሒሳቡን ሙሉ ልክ ታስታውቃለች።

ከሁሉ ይልቅ ለገዳማትና ለአድባራት የሚነካው የፊርማ ሥልጣን ነው። ለሕንፃ ሥራ በተቋቋመ ኮሚቴ ከሦስት ፈራሚዎች አንዱ ሆኖ የተመረጠ የአሜሪካ ዜጋ፣ ገንዘቡ የቤተ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ፣ ባንኩን የሚያዝ ፊርማ ስላለው ብቻ ያንን ሒሳብ በኤፍባሩ ይጽፋል። ከሌሎች ጋር በጋራ መፈረሙ ከግዴታው አያወጣውም። ምእመናን ውጭ አገር ያለውን ወንድም የሚመርጡት በታማኝነቱና ገንዘብ በማሰባሰቡ ነው፤ ክብር ብለው የሰጡት ሹመት ሳያውቁት ሸክም ይሆንበታል።

ቸልታ ምን እንደሚያስከትል አንድ የታወቀ ነገር እንጥቀስ። አሌክሳንድሩ ቢትነር የተባለ፣ ከሮማንያ ሄዶ አሜሪካዊ የሆነ ሰው ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ ሲነግድ ለአምስት ዓመት ማስታወቂያውን በጊዜው አላቀረበም። መንግሥት የአምስቱን ዓመት ሒሳቦች በድምሩ 272 አድርጎ ቆጥሮ 2.72 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጠየቀው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ቅጣቱ በሒሳብ ብዛት ሳይሆን በማስታወቂያ ብዛት ይቆጠር ብሎ ወደ 50,000 ዶላር አወረደው። ይህ ሆን ብሎ ላልደበቀ ሰው ነው። ሆን ብሎ ለደበቀ ቅጣቱ እስከ ሒሳቡ እኩሌታና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል።

ቀኑን በተመለከተ ባሕረ ሐሳብ ያግዘናል። የእነርሱ ዓመት የሚጀምረው ሁልጊዜ ከልደት በዓላችን 6 ቀን አስቀድሞ ነው፤ ይኸውም በታኅሣሥ 23፣ ልደት በ28 በሚውልበት በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በታኅሣሥ 22 ነው። የማስታወቂያው ቀን ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ነው፤ ለኤፍባር ሳይጠይቁ እስከ ኦክቶበር 15፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 5 (በዘመነ ዮሐንስ እስከ 4) ይራዘማል። በውጭ ለሚኖሩ የግብሩ ማስታወቂያ እስከ ሰኔ 8 ጊዜ አለው። የአጥቢያ ሒሳብ ግን በሰኔ 30 ይዘጋል። ስለሆነም ለአንድ የአሜሪካ ዓመት የሚሆነው መረጃ ከሁለት የበጀት ዓመት መዛግብት ይወጣል።

ያለፈው ዓመት ያመለጠው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ ሆን ብለው ላላጠፉ ሰዎች፣ የሦስት ዓመት የግብርና የስድስት ዓመት የኤፍባር ማስታወቂያ አቅርበው የሚገቡበት ሥርዓት አለው፤ በውጭ አገር ነዋሪ መሆኑን ያስረዳ ሰው በዚህ መንገድ ያለ ቅጣት ይቀበሉታል። ሥርዓቱ የሚጠቅመው ግን መሥሪያ ቤቱ ምርመራ ሳይጀምር ለቀረበ ነው። ዝርዝሩን ይህን ሥራ ከሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ ጋር መማከር ይገባል።

ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያትና ለኮሚቴዎች የምናሳስበው እንዲህ ነው። ፈራሚ ስትመርጡ የዜግነቱን ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ግዴታውን አውቆ ይቀበል ወይም ያለ ፊርማ ያገልግል። ተቀብሎ ከሆነም በየዓመቱ ከልደት በኋላ የባንኩን ስም፣ የሒሳቡን ቁጥርና በዓመቱ ከፍተኛ የነበረውን ልክ ጽፋችሁ ስጡት። ሙዳየ ምጽዋት በምስክር ፊት እንደሚከፈት ሁሉ ይህም የምስክርነት ሥራ ነው። አደራ የያዛችሁ የጅዳ ወገኖችም የባለ አደራዎቹን ስምና ልክ በመዝገብ አስፍሩ፤ አንዱን ቅጅ ለባለ ገንዘቡ ስጡ፣ አንዱን በእጃችሁ አኑሩ።