አሮጌ ኮምፒውተር ሲታደስ ከየት ይጀመራል?

ኮምፒውተሩ የተንቀራፈፈበት ሰው ቀድሞ የሚከሰው ፕሮሰሰሩን ነው። «ኮር አይ 5 ነው፤ አይ 7 ባስገባበት ይሻለው ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም አብዛኛውን ጊዜ አይከራከረውም። ነገር ግን ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ በተሠራ የቤት ዴስክቶፕ ላይ ፕሮሰሰሩ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ሥራ ፈቶ ነው የሚውለው። ደብዳቤ ሲተየብ፣ ድረ ገጽ ሲነበብ፣ ፊልም ሲታይ ከአቅሙ የሚጠየቀው ጥቂት ነው። ቁጭ አድርጎ የሚያስጠብቀን ሌላ ዕቃ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ገበያ መውጣት ብር መበተን ነው።

መለየቱ የባለሙያ ዓይን አይጠይቅም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፍል ክፍት አድርገው እንደ ወትሮዎ ይሥሩ፤ ኮምፒውተሩ ሲያንገራግር የቱ ቁጥር ጣራ እንደነካ ይመልከቱ። ፕሮሰሰሩ 10 በመቶ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተተክሎ ከቀረ ችግሩ ዲስኩ ነው። የሜሞሪው መስመር ከ85 በመቶ በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ ራም አንሷል። ፕሮሰሰሩ ራሱ ለረጅም ጊዜ 100 በመቶ ላይ የሚቆየው ቪዲዮ በሚያቀናብር፣ ባለ ሦስት አቅጣጫ ንድፍ በሚሠራ ወይም ከባድ ጌም በሚጫወት ሰው ቤት ነው። እዚያው ገጽ ላይ ዲስኩ ሃርድ ዲስክ ይሁን ኤስኤስዲ፣ ከራም ማስገቢያ ስሎቶች ውስጥም ስንቱ እንደተያዘ ተጽፎ ይገኛል። ሳጥኑን ሳይፈቱ ግማሹን መረጃ አገኙ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ማሽን እንያዝ። ከውጭ አገር ቢሮዎች ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ የሚገቡ ቀጫጭን ዴል ኦፕቲፕሌክሶችና ኤችፒ ኤሊትዴስኮች በየቤቱ አሉ። የእኛው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ስድስተኛ ጄኔሬሽን፣ በአይ 5‑6500 ፕሮሰሰር የሚሠራ፣ 4 ጊጋባይት ራምና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ይሁን። ፕሮግራም ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ለማብራት ቡና ያስፈላል።

ቡናውን የሚያስፈላው ሃርድ ዲስኩ ነው። ውስጡ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ በላዩ ላይ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ክንድ ወዲያ ወዲህ የሚል አንባቢ ጫፍ አለ። አንድ ፋይል ለማግኘት ክንዱ ቦታው ድረስ መሄድ፣ ከዚያም ሳህኑ ዞሮ እስኪደርስለት መጠበቅ አለበት። ይህ የአንድ ሰከንድ መቶኛ ገደማ ይወስዳል። ትንሽ ይመስላል፤ ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነባቸው ጥቃቅን ፋይሎች ግን በሺዎች ስለሚቆጠሩ ተጠራቅሞ ደቂቃ ይሆናል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከርም የሚንቀሳቀስም ነገር የለውም፤ የተፈለገውን ከሰከንድ አሥር ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ያገኘዋል። ልዩነቱ መቶ እጥፍ ነው። ትልልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነቡ እንኳ ሃርድ ዲስኩ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ሲሰጥ፣ መካከለኛ ኤስኤስዲ 500 ይሰጣል። ለዚህ ነው አንድ ዕቃ ብቻ የመግዛት አቅም ያለውን ሰው ሳላመነታ ኤስኤስዲ ግዛ የምለው። ሌላ ምንም ሳይነካ ማሽኑ የተቀየረ የሚመስለው በዚህ ነው።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ያገኛሉ። አንዱ እንደ ካርቶን ሽፋን ቀጠን ያለው፣ በሳታ ኬብል የሚገናኘው ነው፤ ሃርድ ዲስክ የሚቀበል ኮምፒውተር ሁሉ ማለት ይቻላል ይቀበለዋል። ሌላው ማስቲካ የሚያህለው ኤም 2 ሲሆን ማዘርቦርዱ ላይ የራሱን ስሎት ይፈልጋል። ኤም 2 የሆነ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም፤ በሳታ ፍጥነት የሚሠራም፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑም በአንድ ቅርጽ ይመጣሉ፤ ስሎቱ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን ሊገፋ ይችላል። ኤንቪኤምኢው ካርቶን ላይ በሰከንድ 3,500 ሜጋባይት ተብሎ ሲጻፍ ያማልላል። ለቤት ሥራ ግን ትልቁ ዝላይ ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ የሚደረገው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጭማሪ ለዓይን ብዙም አይታይም። ስለዚህ ስሎቱ መኖሩን ያላረጋገጠ ሰው ሳታውን ይግዛ።

መጠኑ 256 ጊጋባይት ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞች ይበቃል፤ 512 ካገኙ ይመረጣል። እጅግ ርካሽ የሆነ ባለ 2 ቴራባይት ኤስኤስዲ ካዩ ግን ይጠርጥሩ። ውስጡ ያለው ቺፕ ትንሽ ሆኖ ሳለ ለዊንዶውስ «2 ቴራባይት ነኝ» እንዲል የተደረገ ሐሰተኛ ዕቃ በዓለም ገበያ ይዞራል። መጀመሪያ ላይ ያለ ችግር ይጽፋል፤ እውነተኛው አቅሙ ሲሞላ የቀደመውን ፋይል ያበላሻል። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፉ ጽፎ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ሲገዙ «ፈትሼ ካልሆነ እመልሰዋለሁ» ብሎ መስማማት ነው።

ሁለተኛው ተራ የራም ነው። ዊንዶውስ 10 ብቻውን ሲነሳ 2 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ክሮም ላይ ጥቂት ገጾች ከተከፈቱበት ባለ 4ቱ ማሽን አለቀ። ራም ሲያልቅ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ዲስክ ላይ እያስቀመጠ ይሠራል፤ ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ድካሙ እጥፍ ነው። 8 ጊጋባይት ለአብዛኛው ቤት ይበቃል፤ 16 ከሆነ ለዓመታት አያሳስብም።

ራም ሲገዛ የሚሳሳቱት በመጠኑ አይደለም፤ በዓይነቱ ነው። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 እርስ በርስ አይተካኩም። ጠርዛቸው ላይ ያለችው ሰርጓዳ ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ የሌላው ስሎት ውስጥ አይገባም፤ ይገባል ብሎ የሚገፋ ሰው ማዘርቦርድ ይሰብራል። የፕሮሰሰሩ ጄኔሬሽንም ብቻውን አያስተማምንም፤ ስድስተኛው ጄኔሬሽን ኢንቴል ለምሳሌ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ባለው ዲዲአር3ም በዲዲአር4ም ሊሠራ ስለሚችል የሚወስነው ማዘርቦርዱ ነው። አስተማማኙ ዘዴ ያለውን ራም ነቅሎ ይዞ ሱቅ መሄድ ነው። የላፕቶፕ ራም አጭር ነው፤ ለዴስክቶፕ አይሆንም። ስሎት ካለ ባለ 8 ሁለት ማስገባት ባለ 16 አንድ ከማስገባት ይፈጥናል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ነው። ልዩነቱ በተለይ የሚታየው ግራፊክስ ካርድ ለብቻው በሌለው ማሽን ላይ ነው፤ ምስሉንም የሚሠራው ከዚሁ ራም ላይ ተካፍሎ ነውና። ከእ.ኤ.አ. 2025 መጨረሻ ጀምሮ የዳታ ማዕከላት የቺፕ ፍላጎት ስለናረ የራም ዋጋ በመላው ዓለም ከፍ ብሏል፤ ያገለገለ ዲዲአር4 መፈለግ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

አንድ ወጥመድ አለ። 8 ጊጋባይት አስገብተው ዊንዶውስ ከ4 በታች ብቻ መጠቀም እንደሚችል ከገለጸ ራሙ አልተበላሸም፤ የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ነው። ባለ 64 ቢቱ መጫን አለበት።

ወደ ፕሮሰሰሩ እንመለስ። ፕሮሰሰር የሚቀመጠው ሶኬት ላይ ነው፤ ሶኬቱ ደግሞ ዕድሜ አለው። የያዝነው አይ 5‑6500 የሚቀመጥበት ሶኬት 1151 ይባላል። በእሱ ፋንታ አይ 7‑6700 ቢገባ አራቱ ኮሮች አራት እንደሆኑ ይቀራሉ፤ የሚጨመረው እያንዳንዱ ኮር ሁለት ሥራ መያዙና ጥቂት ፍጥነት ነው። ስምንተኛው ጄኔሬሽንም 1151 ላይ ይቀመጣል፤ ሆኖም ኢንቴል በስድስተኛው ዘመን ማዘርቦርድ ላይ እንዲሠራ አላደረገውም። ስለዚህ እውነተኛ ዝላይ የፈለገ ሰው ማዘርቦርዱን፣ አንዳንዴም ራሙን አብሮ መቀየር ይኖርበታል። የኤኤምዲ ደንበኞች በዚህ በኩል ታድለዋል፤ ኤኤም4 የሚባለው ሶኬት እ.ኤ.አ. በ2017 ራይዘን ከሚባሉት ፕሮሰሰሮቹ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ገበያ ወጥቶ በ2022 የወጡትንም ፕሮሰሰሮች አስተናግዷል፤ ባዮሱን (ማዘርቦርዱን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ማደስ ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ያውም ሁሉም ቦርድ ባይሆን። የቢሮ ዴሎችና ኤችፒዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ማዘርቦርዱ፣ ፓወር ሰፕላዩና ሳጥኑ ለእርስ በርሳቸው ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ገበያ ላይ ያለ መደበኛ ቦርድ አይገጥማቸውም። እዚያ ደረጃ ከተደረሰ ሌላ ኮምፒውተር መግዛት ይረክሳል።

ስድስተኛና ሰባተኛ ጄኔሬሽን ያለው ሰው ሌላም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ታዲያ በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው? በኤስኤስዲና በራም ላይ ከሆነ አዎን፤ ኤስኤስዲው ነገ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይዛወራል፣ ዲዲአር4ም ከሆነ እንዲሁ። ሊኑክስ ሚንት የመሰለ ነፃ ሥርዓት መጫንም ይቻላል፤ አማርኛ መተየብ አይከለክልም። በፕሮሰሰር ላይ ግን አላወጣም።

ግራፊክስ ካርድ ለጌምና ለቪዲዮ ነው፤ ዎርድና ኤክሴልን አያፈጥንም። ቀጭን ሳጥን ያለው ሰው ሲገዛ ቁመቱ አጭር የሆነውን፣ ከፓወር ሰፕላይ ተጨማሪ ኬብል የማይጠይቀውን ይምረጥ። ስሎቱ ብቻውን የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው፤ የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይም ጠቅላላ አቅሙ 200 ዋት አካባቢ ነው።

ፓወር ሰፕላይ ካነሳን፣ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው አሮጌ ዴስክቶፕ ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ሊኖር ይችላል። 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ያበቃል። አዳዲሶቹ ራሳቸው ስለሚለዩ ማብሪያው የላቸውም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ከግራፊክስ ካርድ በፊት ዩፒኤስ መግዛት ይቀድማል።

አሁን ሥራው። ከሁሉ በፊት ፎቶና ሰነድ ሌላ ዲስክ ላይ ይገልበጥ። ኬብሉ ከሶኬት ይነቀል፤ ከተነቀለ በኋላ ማብሪያው ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። የሱፍ ሹራብ ለብሶ ምንጣፍ ላይ መሥራት ጥሩ አይደለም፤ ሰውነት ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ሳይሰማን ቺፕ ይገድላል። የሳጥኑን እርቃን ብረት ደጋግሞ መንካት ይበቃል። ከኮከብ ራስ ካቻቢቴ በቀር ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የቢሮ ማሽኖች ብዙዎቹ ያለ እሱም ይከፈታሉ። ኬብል ከመንቀልዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሱ። እግረ መንገድዎን አቧራውን ያራግፉ፤ የፋኑን ክንፍ በጣት ይዞ ነው እንጂ በአየር እያሽከረከሩት አይደለም።

ራሙ ሲገባ ጫፍና ጫፍ ያሉት መያዣዎች ይከፈቱ፤ ሰርጓዳዋ ከስሎቱ ጥርስ ጋር ትግጠም፤ ከዚያ በሁለት አውራ ጣት «ቀጭ» እስኪል ይጫኑት። ጀማሪ ይፈራና በግማሽ ይተወዋል። ሳታ ኤስኤስዲው ሁለት ኬብል ይፈልጋል፣ ለመረጃና ለኃይል። ሲበራ ድምፅ እያሰማ ምስል ካልመጣ ብዙ ጊዜ ራሙ በደንብ አልተቀመጠም፤ ነቅሎ፣ ወርቅማውን ጠርዝ በንጹሕ ላጲስ አሽቶና ፍርፋሪውን አራግፎ መልሶ መጫን የጥገና ቤቶች የዕለት ሥራ ነው።

ዊንዶውሱን እንዳለ ወደ ኤስኤስዲው መገልበጥ (ክሎን ማድረግ) ይቻላል፤ እኔ ግን እንደ አዲስ መጫኑን እመርጣለሁ። ለዓመታት የተከማቸው ኮተት አብሮ እንዳይሻገር ነው። ሕጋዊ ዊንዶውስ የነበረው ሰው ፈቃዱ በዋናነት ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በዲስክና በራም ቅየራ አያጣውም። ሲጭኑ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ለጊዜው ይንቀሉት፤ ሁለቱም ተሰክተው ከሆነ የተሳሳተውን ፎርማት ማድረግ ቀላል ነው።

አሮጌው ሃርድ ዲስክ ጤነኛ ከሆነ መልሶ ተሰክቶ የፊልምና የፎቶ ማስቀመጫ ይሆናል። ሊሸጡት ካሰቡ ግን ይጠንቀቁ፤ ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ ፎቶዎቹ በነፃ ፕሮግራም ይመለሳሉ። «ኩዊክ ፎርማት» የሚለውን ምልክት አንስተው ሙሉውን ያስኪዱት፤ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል። ለ500 ጊጋባይት ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ማታ ጀምረውት ይተኙ።