የትሪጎኖሜትሪ አይደንቲቲዎችን ማረጋገጥና በሥራ ላይ ማዋል

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪው በርካታ የትሪጎኖሜትሪ እኩልታዎችን በቃሉ ይይዛል። ከነዚህም መካከል ትርጉም በሚሰጡበት ማዕዘን ሁሉ እውነት ሆነው የሚገኙት አይደንቲቲዎች ይባላሉ። «ሳይን ሀ = ኮሳይን ሀ» የሚለው እኩልታ በ45 ዲግሪ ይሠራል፤ በ30 ዲግሪ ግን አይሠራም። ስለዚህ ጥቂት ቁጥሮችን በመሞከር ብቻ አንድን አይደንቲቲ ማረጋገጥ አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደንቲቲን ማረጋገጥ ለተግባራዊ ልኬት ምን እንደሚጠቅም በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ነው።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ ይገኛል። ስሙ በአፋን ኦሮሞ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድም የሚነሣው ከዚሁ ሥፍራ ነው። አንድ መምህር በዚህ አካባቢ የአንድን ኮረብታ ቁመት ከተማሪዎቹ ጋር ለመለካት ቢፈልግ፣ ከጫፉ ትክክል በታች ያለው ነጥብ በኮረብታው ሆድ ውስጥ ስለሆነ ርቀቱን በሜትር ሊለካው አይችልም። በመሆኑም በሜዳው ላይ፣ ከጫፉ ጋር በአንድ መሥመር፣ ሁለት ቦታዎችን ይመርጣል። የከፍታው ማዕዘን ከሩቁ ቦታ «ሀ»፣ ከቅርቡ «ለ»፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት «ር»፣ ቁመቱ «ቁ» ይባል። ከቀጤ ማዕዘን ጎነ ሦስቶቹ የሚከተለው ይገኛል፦

ር = ቁ × (ኮታንጀንት ሀ − ኮታንጀንት ለ)

በቅንፍ ውስጥ ያለው ልዩነት በሳይንና በኮሳይን ሲጻፍና ታሕቱ አንድ ሲደረግ፦

(ሳይን ለ × ኮሳይን ሀ − ኮሳይን ለ × ሳይን ሀ) ÷ (ሳይን ሀ × ሳይን ለ)

ይሆናል። ላዕሉ የሁለት ማዕዘኖች ልዩነት ሳይን፣ ማለትም ሳይን (ለ − ሀ) ነው። ስለዚህ፦

ቁ = ር × ሳይን ሀ × ሳይን ለ ÷ ሳይን (ለ − ሀ)

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው ሳይን (ለ − ሀ)ን እንደ ሳይን ለ − ሳይን ሀ መቁጠር ነው። ሁለተኛው የሚረጋገጠውን ነገር አስቀድሞ እውነት አድርጎ በመነሣት ሁለቱንም ጎን ማሻሻል ነው። በዚህ መንገድ 1 = −1 የሚለውም ሁለቱ ጎኖች በራሳቸው ሲባዙ 1 = 1 ስለሚሆን «ተረጋገጠ» ሊባል ነው። ተገቢው አካሄድ ከአንዱ ጎን ተነሥቶ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በምክንያት እየደገፉ፣ ወደ ሌላው መድረስ ነው።

ለልምምድ ያህል ር = 100 ሜትር፣ ሀ = 30 ዲግሪ፣ ለ = 45 ዲግሪ ቢሆኑ ቁመቱ 136.6 ሜትር ይሆናል። ከፕሮትራክተር፣ ከክርና ከጠጠር በተሠራ መሣሪያ የአንድ ዲግሪ ስሕተት በቀላሉ ይደርሳል። «ለ» በስሕተት 46 ዲግሪ ተብሎ ቢነበብ ውጤቱ 130.5 ሜትር ይሆናል፤ ጉድለቱ 6 ሜትር ያህል ነው። ሩቁ ቦታ ሳይለወጥ ር ወደ 20 ሜትር ቢያጥር ግን ትክክለኛው «ለ» 32.24 ዲግሪ ይሆናል፤ በዚህም ላይ አንድ ዲግሪ ቢጨመር ውጤቱ ወደ 97 ሜትር ይወርዳል። ጉድለቱ 40 ሜትር ገደማ ደረሰ ማለት ነው። ምክንያቱን የሚነግረው አይደንቲቲው ራሱ ነው፤ ሁለቱ ማዕዘኖች ሲቀራረቡ በታሕቱ ያለው ሳይን (ለ − ሀ) ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ ትንሿ ስሕተት ትገዝፋለች። የመጀመሪያው የኮታንጀንት ቀመር ይህን በግልጽ አያሳይም።

እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ የኢትዮጵያን ተራሮች አቀማመጥ የወሰነው ማዕዘን እየለካ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሥራ የማዕዘኑን ልኬት ብቻ ሳይሆን የስሕተቱን ልክ ማወቅም ግድ ነው።

እንግዲህ መምህራን ማረጋገጫውን ከልኬቱ ጋር አጣምረው ቢያስተምሩ፣ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ለዚህ ከክፍል ውጭ የሚውል ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢመድቡ፣ ተማሪው ቀመሩን ከመሸምደድ አልፎ መቼ ሊያምነው፣ መቼም ሊጠራጠረው እንደሚገባ ለይቶ ያውቃል።