ስለ ወሊድ መከላከያ እንክብልና ስለ ልብ ሕመም

የወሊድ መከላከያ እንክብል ልብን ይጐዳል የሚል ወሬ በየቤቱ ይሰማል። ወሬው ከሥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሳይመረመር ስለሚነገር ሊፈሩ የማይገባቸው ይፈራሉ፤ ሊጠነቀቁ የሚገባቸውም ሳይጠነቀቁ ይቀራሉ። ስለዚህ ነገሩን ለይተን እንገልጻለን።

ልብ ራሱ የሚመገበው በላዩ በተዘረጉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። ከእነዚህ አንዱ በረጋ ደም የተዘጋ እንደ ሆነ በዚያ በኩል ያለው የልብ ሥጋ ይሞታል፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚባለውም ይኸው ነው። በአብዛኛው እንክብል ውስጥ የሚገኘው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ጉበት ደም የሚያረጉ ነገሮችን አብዝቶ እንዲሠራ ያደርጋል፤ በአንዳንድ ሴቶችም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

እንክብሉ በአሜሪካ ለወሊድ መከላከያ የተፈቀደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ነው። የዚያን ጊዜው እንክብል በአንዱ ፍሬ 150 ማይክሮግራም ኤስትሮጅን ነበረበት። በ1969 የእንግሊዝ የመድኀኒት ደኅንነት ኮሚቴ ከ50 የማይበልጠው እንዲታዘዝ መከረ፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ከ20 እስከ 35 ያለበት ነው። በዴንማርክ 1.6 ሚሊዮን ሴቶች ለ15 ዓመት ተጠንተው በ2012 በወጣው ውጤት፣ ከ30 እስከ 40 ማይክሮግራም ያለበትን በሚወስዱት ላይ በደም መርጋት የሚመጣው የልብና የአንጎል ሕመም ከማይወስዱት ከ1.3 እስከ 2.3 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሆኖም ከእነዚህ ሁሉ ሴቶች ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዛቸው 1,725 ብቻ ነበሩ። በጥቂቱ ላይ የተጨመረ እጥፍም ጥቂት ነው።

አደጋው የሚበረታው ሌላ ምክንያት ሲታከልበት ነው። ይኸውም ዕድሜያቸው ከ35 በላይ ሆኖ ሲጋራ ለሚያጨሱ፣ የደም ግፊታቸው 140/90 ለደረሰ ወይም ላለፈ፣ የስኳር በሽታ የደም ሥራቸውን ለጐዳባቸው፣ ቀድሞ የልብ ሕመም ለያዛቸው ሴቶች ነው። እነዚህ ከሐኪም ጋር ተማክረው ኤስትሮጅን የሌለበትን እንክብል ወይም ሉፕ ቢመርጡ ይሻላቸዋል።

ስለዚህ ማንኛዋም ሴት እንክብል ከመጀመሯ በፊት የደም ግፊቷን ታስለካ፤ ማጨሷንና የቤተ ሰቧን የልብ ሕመም ለሐኪም አትደብቅ። በወሬ ፈርታ ምትክ ሳትይዝም አታቋርጥ፤ እርግዝና ራሱ ደምን የማርጋት ኀይሉ ከእንክብሉ ይበልጣልና። ደረቷን ጨምድዶ ቢይዛት፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ቢሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ ቢያሰምጣት ሳትዘገይ ወደ ሆስፒታል ትሂድ።

መምህራንና ማንበብ የሚችሉ ሁሉ ይህን ላላነበቡት ቢያስረዱ ፍርሃትም ቸልተኝነትም ይቀንሳል።