ደቀ መዝሙር ማን ነው?



ከደባርቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ዛሪማ ለደረሰ አገልጋይ፣ «ደቀ መዝሙር» የሚለውን ቃል መተርጎም አያስፈልገውም። ሕዝቡ ያውቀዋል። በጎንደር ምድር ደቀ መዝሙር ማለት አገሩን ትቶ በየኔታ ደጅ የሚያድር የአብነት ተማሪ ነው። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ይለምናል። ከፊደል ወደ ዳዊት፣ ከዚያም ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ቤት ያልፋል፤ አቋቋም ሊያስመሰክር የፈለገ ጎንደር በአታ ድረስ ይሄዳል። ዓመታት ይፈጃል። በቅኔ ቤት የበሰለው ተማሪም አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያስተምራል።

እኛ ወንጌላውያን በብዙ ነገር ከዚህ ትምህርት ቤት ብንለይም፣ ስለ ቃሉ ግን ከእርሱ የምንማረው አለ። ጌታ በማቴዎስ 28፥19-20 ሐዋርያትን ሲልክ ያጠመቋቸውን ሰዎች ትእዛዙን እንዲጠብቁ እንዲያስተምሩም አዟል። ይህን ሁለተኛውን ክፍል ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። በስብሰባ እጁን ያነሣውን ቆጥሮ ለደጋፊዎች መጻፍ ይቀላልና! ያ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ሲጣላ አብሮት የሚቀመጥ ግን ጥቂት ነው።

በወላይታ የሆነውን እናስታውስ። በ1929 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያንን ሲያስወጣ፣ በዚያ የተጠመቁት ምእመናን ከሃምሳ አይበልጡም ነበር። አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም፤ በቋንቋቸው የነበራቸው የቅዱስ ቃል ክፍልም ጥቂት ነው። መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ምእመናኑ ወደ አሥር ሺህ ደርሰው ነበር። ያመነው ሌላውን እያስተማረ፣ አንዱ አስነጋሪ ለሌላው እየሆነ ነው የበዙት። ለታሰሩት ወንድሞች ያመላለሱት ስንቅ ለማያምኑት እስረኞችም ይተርፍ እንደነበር ይተረካል።

ይህ ስንቅ ወደ ራሳችን ሥራ ያመጣናል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይንና ዛሪማን ሲደርስ፣ ብዙ ሕዝብ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ተፈናቀለ። ቤቱን ጥሎ ለመጣ ሰው የምንሰጠው ስንዴ የእምነት መጥመጃ ቢሆን፣ የምናፈራው ደቀ መዝሙር ሳይሆን ስንዴው ሲያልቅ የሚሄድ እንግዳ ነው። ጌታ ራሱ አምስት ሺህ ሰው ሲያበላ እምነታቸውን አልመረመረም፤ በማግስቱ ቃሉ ሲከብዳቸው ብዙዎች ተመለሱ፣ እርሱም እንጀራውን መልሱ አላለም (ዮሐንስ 6)። በዓለም የእርዳታ ድርጅቶች ዘንድ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥነ ምግባር ደንብም እርዳታ ለአንድ እምነት ማስፋፊያ እንዳይውል ይከለክላል። ለእኛ ግን ከደንቡ በፊት የጌታ ምሳሌ ይበቃን ነበር።

ስለዚህ በፕሮጀክት ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በእደላ ቦታ ስብከት አይኑር፤ ስም ሲመዘገብም «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነህ?» ተብሎ አይጠየቅ። የሚታየው ሚዛኑ ነው። ሠልፍ ያደከማቸው እማማ ቅድሚያ ያገኙ እንደሆነ፣ የሹም ዘመድ በጓሮ ገብቶ እንዳልወሰደ፣ ባለጉዳዩ ሳይሰደብ እንደ ተሸኘ ሕዝቡ ያያል። በአጥቢያ ያላችሁ ምእመናንም የምትልኩልን ገንዘብ የሚገዛው ስንዴና ዘር ነው፤ ደቀ መዝሙር ግን በገንዘብ አይገዛም፤ አንድ ሰው ሄዶ አብሮ ሊኖር፣ ቋንቋና ልማድ ሊማር፣ ለቅሶ ሊደርስ ይገባዋል። ከዚያ አንድ ቀን እማማ ቡና አፍልተው «ልጄ፣ ለመሆኑ ምን አመጣህ?» ብለው ሲጠይቁት፣ ያን ጊዜ ተቀምጦ ይንገራቸው።