አያትን ደፍሮ መጠየቅ

የጎንደሯ ወይዘሮ የተመኙ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ነበር በሃያ ዓመት ገደማ ለሚበልጧቸው ካህን ለአለቃ ጸጋ የተዳሩት። የልጅ ልጃቸው ጋዜጠኛ አይዳ እደማርያም ያወጓትን በድምፅ እየቀረጸች ቆይታ ታሪካቸውን እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ አሳተመችው። በዓመቱም በእንግሊዝ አገር የኦንዳቼን ሽልማት አገኘችበት።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። አለቃ ጸጋ ባለቅኔና የተከበሩ ካህን ነበሩ፤ ሚስታቸውንም ይመቱ ነበር። ጸሐፊዋ የገዛ አያቴ ናቸው ብላ አልሸፈነችም። ወይዘሮ የተመኙ ደግሞ ስለ እኚሁ ባላቸው ጉዳይ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ድረስ አቤት ያሉ ሴት ናቸው። እንዲህ ያለውን ትዳር በአንድ ቃል ግፍ ወይም ፍቅር ማለት ይቸግራል።

ከጎንደር ወደ ስሜን በሚወስደው መንገድ፣ በእኛ በዳባትና በደባርቅ፣ የአያቶቻችን ሠርግ የሚወራው በድግሱ ነው፤ ስንት ሰንጋ ተጣለ፣ አዝማሪው ማን ነበር። የሙሽራዋን ዕድሜ የሚያነሣ የለም። መጽሐፉን ካነበብኩ በኋላ ደባርቅ ያለችውን አያቴን ጠየቅኋት። «ከጎታው ኋላ ተደብቄ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር፤ ተሸክመው በቅሎ ላይ አወጡኝ» አለችኝ።

አጎቴ የሞተ አባት ስም እንዲህ አይነሣም ብሎ ተቆጣ። እናቴ ምንም አላለች፤ ማታ ብቻችንን ስንሆን በስልኬ የቀዳሁትን ድምፅ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።