የማይጮኸው ማንቂያ

ሰው ሲተኛ አፍንጫውም አብሮት ይተኛል። ነቅቶ ሳለ ጥቂት ጭስ ከሸተተው «ምን ተቃጠለ?» ብሎ ብድግ ይላል። እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ግን የጭስ ሽታ ብዙ ጊዜ አይቀሰቅሰውም። በቤት ቃጠሎ ከሚሞቱት ሰዎች ብዙዎቹ ነበልባል ሳይደርስባቸው ጭስ አፍኗቸው ይሞታሉ። ጆሮ ግን በዚህ ከአፍንጫ ይሻላል። ከፍ ያለ ጩኸት የተኛን ሰው ያነቃል።

የጭስ ማንቂያ የተሠራው ለዚሁ ነው። ጭሱን ቀድሞ ያውቃል፤ ይጮኻል፤ የተኛውን ይቀሰቅሳል። በውጭ አገር ከተሞች በብዙ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ይሰቀላል። በእኛም አገር በትልልቅ የከተማ ሕንፃዎች ውስጥ ይገኛል። ታዲያ ይህንንም መሣሪያ አስመስለው የሚሠሩ አጭበርባሪዎች ተነሡ። መልኩ ያው፣ ምልክቱም ያው ነው። የሚጠፋው ሥራው ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

የቤት ጭስ ማንቂያ ብዙውን ጊዜ ነጭና ክብ ነው። ትልቅነቱ ከትንሽ ሳህን አይበልጥም። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ መሣሪያውም ኮርኒስ ላይ ይሰቀላል። ብዙዎቹ በባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ።

ጠዋት በቤታችሁ ቀዳዳ የሚገባውን የፀሐይ ጨረር አይታችሁ ታውቁ የለም? ቤቱ ውስጥ ጭስ ከሌለ ጨረሩ እምብዛም አይታይም። የምድጃው ጭስ ሲነካው ግን ጎልቶ ይታያል። ጭሱ ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ስለሚበትነው ነው።

አንደኛው ዓይነት ማንቂያም በዚሁ መንገድ ይሠራል። በውስጡ ትንሽ ጨለማ ክፍል አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ብርሃን ያልፋል። በጎን በኩል ደግሞ ብርሃንን የሚያውቅ እንደ ዓይን ያለ ዕቃ ተቀምጧል። ጭስ ከሌለ ብርሃኑ ይህን ዓይን አልፎት ይሄዳል። ጭስ ሲገባ ግን ብርሃኑ ይበተንና ጥቂቱ ዓይኑ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ መሣሪያው ይጮኻል።

ይህ ዕቃ ምድጃ በሚነድበት ጎጆ ውስጥ ቢሰቀልማ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውል ነበር! የሚስማማው ወጥ ሲሠራ ጭስ ለማይበዛበት ቤት ነው።

ምልክቱ ምን ይላል?

ገዢ የመሣሪያውን ውስጥ አያይም። ቤቱንም አቃጥሎ ሊሞክረው አይችልም። ስለዚህ ሌላ አካል መርምሮ «ይህ ይሠራል» ሊለው ይገባል።

በአሜሪካ አገር ይህን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ዩ ኤል የሚባለው ድርጅት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ያቋቋመው ዊልያም ሄንሪ ሜሪል የሚባል የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ መብራት አዲስ ስለነበረ ሰዎች እሳት ያስነሳል ብለው ይፈሩት ነበር። ድርጅቱ የዕቃዎችን ናሙና ወስዶ ይፈትናል። ፈተናውን ያለፈው ዕቃ የድርጅቱ ምልክት ይደረግበታል። የድርጅቱ ሰዎች ከዚያም በኋላ ወደ ፋብሪካው እየሄዱ ሥራውን ይቆጣጠራሉ። ገዢው የሚያምነው እንግዲህ ይህን ምልክት ነው።

በአትላንታ ከተማ የሆነው

አትላንታ በአሜሪካ የጆርጂያ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። የከተማዋ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የሰው ሕይወት ለማዳን በማሰብ የጭስ ማንቂያ ለነዋሪዎች በነፃ ያድል ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2006 እስከ 2011 ዓ.ም. ከታደሉት ውስጥ 18,500 ያህሉ አስመስለው የተሠሩ ሆነው ተገኙ። የተሠሩት ቻይና ውስጥ ነበር። የዩ ኤል ምልክት ቢለጠፍባቸውም ምልክቱ ሐሰተኛ ነበር። በ2011 ዓ.ም. «እሳት ቢነሣ ላይጮኹ ይችላሉ፤ በሌላ ተኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ለሕዝብ ወጣ።

ልብ በሉ! ማንቂያዎቹን ያደለው እሳት አጥፊው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው። እሳትን ከማንም በላይ የሚያውቀው እንኳ ተታለለ። ምልክቱን ያየ ሁሉ አመነ።

ነገሩ ግን የአንድ አገር ጥፋት ተደርጎ አይታይ። ቻይና ውስጥ ደህና ማንቂያ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ። ጥፋቱ የአጭበርባሪው ነው። አጭበርባሪው የምርመራ ወጪ አያወጣም፤ የሚጠቀምበት ዕቃም ርካሽ ነው። ሽፋኑንና ምልክቱን ብቻ አሳምሮ ትርፉን ይቆጥራል።

ከሌላው ሐሰተኛ ዕቃ ለምን ይከፋል?

መናኛ ሸሚዝ የገዛ ሰው ሸሚዙ ሲቀደድ መታለሉን ያውቃል። የጭስ ማንቂያ ግን እንዲህ አይደለም። ደህናውም ሐሰተኛውም ጭስ እስኪመጣ ድረስ ዝም ብለው ተሰቅለው ይኖራሉ። ዝምታቸው አንድ ነው። የሚለዩት በቃጠሎው ሌሊት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ መለወጫ የለም።

መሣሪያው ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ አለ። ሲጫኑት መጮሁ ባትሪውና ድምፁ መሥራታቸውን ያሳያል። ጭስን ማወቁን ግን ሁልጊዜ አያረጋግጥም። ስለዚህ ሐሰተኛውም ቁልፉ ሲነካ ሊጮህ ይችላል።

ማንቂያ የሌለው ሰው እንደሌለው ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። ሐሰተኛ ማንቂያ ያለው ግን ተማምኖ ይተኛል። በማይጮህ ውሻ ተማምኖ በሩን ሳይዘጋ እንደሚያድር ሰው ማለት ነው። በአሜሪካ በቤት ቃጠሎ ከሚሞቱት 5 ሰዎች 3 ያህሉ የሚሞቱት ማንቂያ በሌለበት ወይም በማይሠራበት ቤት ውስጥ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በአትላንታና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ልጅ ወይም ዘመድ ከተማ ውስጥ ወይም ውጭ አገር ያላችሁ ስትደውሉ ይህን ንገሯቸው። ማንቂያ ከታወቀ ሱቅ ይገዛ፤ ደረሰኝ ይያዝ። ዋጋው ከሌላው እጅግ ከረከሰ «ለምን?» ተብሎ ይጠየቅ። የሠሪው ስምና የተሠራበት ቀን ከጀርባው ይነበብ። ስም የሌለው ወይም ፊደሉ የተሳሳተ ከሆነ ይቅር። የመርማሪው ድርጅት መዝገብ ስላለ ዕቃው እዚያ መኖሩ ይጣራ። በየወሩ ቁልፉ ይሞከር። 10 ዓመት የሞላው ማንቂያ ደግሞ ደህናም ቢሆን ይለወጥ።

ለእኛም ለገጠር ሰዎች ትምህርቱ ያው ነው። መድኃኒት፣ የተባይ ማጥፊያ፣ የፀሐይ መብራት ስንገዛ ውስጡን አናይም። የምናየው ጽሑፉንና ምልክቱን ነው። ማንበብ የቻለ ሰው ጽሑፉን ያነባል፤ ያነበበውን ደግሞ ይጠይቃል። ምልክት ብቻውን አይበቃማ! ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም?

ተወያዩበት

1. ሐሰተኛ ማንቂያ ምንም ማንቂያ ካለመኖር የሚብሰው ለምንድን ነው?

2. የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ እንዴት ሊታለል ቻለ?

3. በገበያችሁ ውስጡ ሳይታይ የሚገዛ ምን ምን ዕቃ አለ? ደህናውን ከሐሰተኛው በምን ትለያላችሁ?