ለአራተኛው ሯጭ የተሠራ ዓመት

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች የአርሲ ዞን ዋና ከተማ ናት። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የዚህ አካባቢ ልጅ ነው። ወደ ደቡብ ዘለቅ ሲሉ የሚያገኟት በቆጂ ደግሞ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አፍርታለች። ስለ እነዚህ ስሞች ብዙ ተብሏል፤ ስለያዛቸው ተቋም፣ ስለ አትሌቲክስ ክለቡ፣ የሚባለው ግን ጥቂት ነው። ክለቡ ለሕዝብ የሚታየው ኮከቡ ሜዳሊያ ሲያጠልቅ ብቻ ስለሆነ ለኮከብ ተብሎ የተቋቋመ ይመስላል። የውድድር ዓመቱን አሠራር የተከታተለ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። የክለቡ ዓመት የተሠራው ስሙ ለማይጠራው ለአራተኛው ሯጭ ነው፤ አንደኛው የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የእኛ የሩጫ ክለብ ከሌላው ዓለም የስፖርት ክለብ ይለያል። ለምሳሌ አውስትራሊያ በራሷ ሕግ በምትጫወተው እግር ኳስ 18 ክለቦች ከመጋቢት ጀምሮ በየሳምንቱ ይጋጠማሉ፤ የነጥብ ሰንጠረዥ አላቸው፤ በመስከረም ሜልቦርን ላይ በሚደረገው ፍጻሜ ስታዲየሙ በደጋፊ ጢም ይላል። ወጪያቸውን የሚሸፍነው የቴሌቪዥን መብት፣ ስፖንሰርና የመግቢያ ትኬት ነው። የሩጫ ክለብ ትኬት አይሸጥም። የሚተዳደረው ባቋቋመው መሥሪያ ቤት በጀት ነው፤ መከላከያ፣ ፖሊስ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ንግድ ባንክ፣ ቀነኒሳ የሮጠለት ሙገር ሲሚንቶ። ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር፣ ሻለቃ ኃይሌ፣ ኮሎኔል ደራርቱ ስንል የምንጠራው ማዕረግ ከየት እንደመጣ ማሰብ ይበቃል። ሯጩ ደመወዝተኛ ነበር፤ ደመወዙን የቆረጠለትም ተቋም ነው።

ዓመቱ የሚጀምረው ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሯጩ በጫካና በኮሮኮንች መንገድ ላይ ረጅም ሩጫ እየሠራ ጉልበት ያከማቻል። ኅዳር ላይ፣ በፈረንጆች ከ2001 ጀምሮ፣ የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር አለ። በበጋው አገር አቋራጭ ይመጣል፤ ትልቁ መድረክ የጃንሜዳው ነው። ከዚያ የመም ልምምድና የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ይከተላሉ፤ ሚኒማ (የማለፊያ ሰዓት) ያሟሉት ጥቂቶች ሐምሌና ነሐሴን በውጭ አገር መድረክ ያሳልፋሉ። የቀሩት ክረምቱን አርፈው እንደገና ከጫካው ይጀምራሉ።

የዚህን ዓመት ምሥጢር የያዘው አገር አቋራጩ ነው። የቡድን ውጤት የሚገኘው የሯጮቹን ደረጃ በመደመር ነው፤ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። በዓለም ሻምፒዮና ለምሳሌ የአራቱ ደረጃ ይደመራል። አንድ ክለብ አንደኛ የሚወጣ ኮከብ ኖሮት ሌሎቹ 20ኛ፣ 35ኛና 60ኛ ቢገቡ ድምሩ 116 ይሆናል። ኮከብ የሌለው ክለብ 8ኛ፣ 10ኛ፣ 12ኛና 15ኛ ከገቡለት 45 ያገኛል፤ ዋንጫውም የእሱ ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ ለአራተኛው ልጅ ምግብ፣ ጫማና ማደሪያ ቢያጓድል ራሱን ይጎዳል። ያ ልጅ ደግሞ በልምምድ ሌላ ሥራ ይሠራል። ገና ሲነጋጋ ሯጮቹ አንድ ረድፍ ሠርተው ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ይገባሉ። መሪው በግንዶቹ መካከል እየተጠማዘዘ መንገድ ይቀይሳል፤ ተከታዩ ዓይኑን ከፊቱ ካለው ሰው ተረከዝ አይነቅልም፤ መሪው ሥር ሲዘል ይዘላል፣ ሲታጠፍ ይታጠፋል። መሪነቱ በየተራ ነው። ኮከቡ ሲደክመው ፍጥነቱን የሚይዝለት ሰው ከሌለ፣ ልምምዱ ልምምድ አይሆንም።

አብሮ የሚሮጥ ሰው የክለቡ የመጀመሪያ ስጦታ ነው፤ ሁለተኛው ጊዜ ነው። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ አዝመራው የሚሰበሰበው ሯጩ ጉልበት በሚያከማችባቸው ወራት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ በኅዳር ጫካ ለጫካ ሲሮጥ፣ ቤተሰቡ ማጭድ የሚይዝ አንድ እጅ ያጣል። ትንሽም ብትሆን የክለቡ ደመወዝ ያንን እጅ ትተካለች። የጥሩነሽ ታሪክ ይህንን ያሳያል። በፈረንጆች 2000 ለትምህርት አዲስ አበባ ስትገባ ምዝገባው አልፎባት ነበር፤ አገር ቤት ብትመለስ የሚጠብቃት ትዳር ነበር። ዘመዶቿ ወዳሉበት የማረሚያ ቤቶች ክለብ ገባች፤ በ2003 ፓሪስ ላይ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ዛሬ አሰላ ላይ በስሟ የተሰየመው የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከልም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ታዳጊውን አብልቶና አስተኝቶ ለክለብ ያደርሳል።

“ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሥራውን የሠራው ደጋው ነው” የሚል ይኖራል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በቆጂ ወደ 2,800 ትጠጋለች፤ ስስ አየር ሳንባንና ደምን እንደሚያጠነክር አይካድም። ይሁን እንጂ የቦሊቪያዋ ኤል አልቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ናት፤ ቦሊቪያ ግን እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ አንድም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አላገኘችም። ስሜንም ደጋ ነው። ደጋ ለብዙዎች ተሰጥቷል፤ በቆጂ ላይ እንደ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆችን ከትምህርት ቤት ሜዳ የሚመለምል ሰው፣ ከእሱም ቀጥሎ የሚቀበል ክለብ መኖሩ ግን ለብዙዎች አልተሰጠም።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፤ ዛሬ ገንዘቡ ያለው በጎዳና ሩጫ ነው፤ ጎበዙን ማናጀር ይወስደዋል፤ ክለብ ጊዜው አልፎበታል ይላል። እውነት አለው፤ አንድ የውጭ ማራቶን ከብዙ ዓመት የክለብ ደመወዝ ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ማናጀር የሚመጣው ሯጩ ሰዓት ካመጣ በኋላ ነው። ሰዓቱ እስኪመጣ ያሉትን ሦስትና አራት ዓመታት ማን ያብላው? ማናጀሩ የደረሰውን ያጭዳል፤ የሚዘራው ክለቡ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ክለቡ ራሱ ልጆቹን ይጎዳል የሚለው ነው። ለነጥብ ሲባል አንዱን ወጣት በአንድ ሻምፒዮና 10,000ም 5,000ም ማስሮጥ የታወቀ ነው፤ ሳይበስል የሚሰበር ጉልበት አለ። ይህን መካድ አይቻልም። ጥፋቱ የሚመጣው ግን ክለቡ የራሱን ሥርዓት ሲረሳ ነው፤ የአራት ሰው ሸክም በአንድ ልጅ ላይ ሲጫን። መፍትሔውም ከዚያው ይገኛል። በጀት የሚያጸድቅ መሥሪያ ቤት ዓመቱ ሲዘጋ የሜዳሊያ ብዛት ብቻ መጠየቁን ይተው፤ አራተኛው ሯጭ ዓምና ከነበረበት ስንት ሰከንድ አሻሻለ፣ ከተመለመሉት ስንቶቹ ሳይጎዱ ሁለተኛ ዓመታቸውን ጨረሱ ብሎ ይጠይቅ። ሜዳሊያ ሲቀንስ በጀት የሚቆርጥ መሥሪያ ቤት በቅድሚያ የሚያሰናብተው አራተኛውን ነው፤ ያኔ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን አንደኛ ከአሁኑ አሰናብቷል ማለት ነው።